ከጠመንጃው ግዥ በፊት ትምህርት
የሸክላ ርግብ ተኩስ ጀማሪና የነጋዴው ድርሻ

ወደ ስፖርት ዕቃ መደብር አዲስ ገበያተኛ ሲገባ አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «የትኛውን ልግዛ?» የሚል ነው። ዕቃው ርካሽ በሆነ ጊዜ ይህ ጥያቄ ከቦታው ቀድሞ በመምጣቱ የሚደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው። ኳስ የገዛ ሰው ጨዋታውን ባይወደው ኳሱን ለልጁ ይሰጠዋል። ዕቃው ጠመንጃ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሕግ በብርቱ ይጠብቀዋል፤ ከገዢው አካል ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ትከሻ ያቆስላል፤ ካልተማረ እጅ የገባ እንደ ሆነም የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የሸክላ ርግብ ተኩስ በሚባለው ስፖርት ብዙ ዘመን የቆዩ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር በነጋዴ ጆሮ እንግዳ ሆኖ ይሰማል፤ «ገና ምንም አትግዛ» የሚል ነውና። ምክሩ ላይ ላዩን ሲታይ ገበያ የሚዘጋ ይመስላል። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን ይህን ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ አቁሞ ያኖረው ይኸው ትዕግሥት መሆኑ ይገለጥለታል። የጀማሪው መንገድ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ግዥው ድረስ ምን እንደሚመስል ቢታይ፣ ለማናቸውም የንግድ ሥራ የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል።

ርግቢቱ ከየት መጣች?

ስሙ እንደሚያመለክተው የዚህ ስፖርት መነሻ የሕያው ርግብ ተኩስ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ርግቦች በሣጥን ተዘግተው ከቆዩ በኋላ፣ የሣጥኑ ክዳን በገመድ ተስቦ ሲከፈት ወጥተው ሲበሩ ይተኮስባቸው ነበር። ተኳሹ ርግቢቱ እንድትለቀቅለት በፈለገ ጊዜ «ፑል» ይል ነበር፤ ትርጓሜውም «ሳብ» ማለት ነው። ገመዱና ሣጥኑ ከቀሩ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ቃሉ እስከ ዛሬ ድረስ ከየተኳሹ አፍ ይሰማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ እንኳ በሕያዋን ርግቦች ላይ ተተኩሷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በኋላ ግን በ1921 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሕግ ተይዘው በሚለቀቁ ወፎች ላይ መተኮስን ከለከለ።

ለሕያዋኑ ርግቦች ምትክ የተፈለገው ከዚህ ሕግ አስቀድሞ ነው። በአሜሪካ በመጀመሪያ ወደ አየር የሚወረወሩ የብርጭቆ ኳሶች ተሠሩ። ኳሶቹ ግን ስባሪያቸው በሜዳ ላይ ይቀር ነበር፤ አካሄዳቸውም የወፍ አበራር አይመስልም ነበር። በ1880 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ይኖር የነበረው ጆርጅ ሊጎውስኪ ጠፍጣፋ የሸክላ ሳሕን ሠርቶ የፈጠራ ባለመብት ሆነ። ሐሳቡ የመጣለት ልጆች በውሃ ፊት ላይ ጠፍጣፋ ነገር እየወረወሩ ሲያስነጥሩ አይቶ ነው ይባላል። የመጀመሪያው ሳሕን በእሳት የተጠበሰ እውነተኛ ሸክላ ስለ ነበረ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ በጥይት ሲመታ አንዳንድ ጊዜ እንደ ደወል ይጮኽ ነበር እንጂ አይሰበርም ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጥራንና የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተቀላቅሎ በመጠቀሙ በአየር ላይ ጸንቶ የሚበር፣ ሲመታ ግን ወዲያው የሚፈረካከስ ሳሕን ሊገኝ ቻለ። እንግዲህ የዛሬው የሸክላ ርግብ ርግብ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን ሸክላም አይደለም።

መደበኛው ሳሕን 110 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ25 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ 105 ግራም ያህል ክብደት አለው። የሚወረውረው መኪና በሰዓት ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይለቀዋል። የሚተኮስበት ጠመንጃ እንደ ጦር ጠመንጃ አንድ አረር የሚተፋ ሳይሆን፣ በአንድ ተኩስ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን የሚበትን የአደን ጠመንጃ ነው። ከሳሕኑ ላይ በዓይን የሚታይ አንዲት ስባሪ እንኳ ከወደቀች ሳሕኑ እንደ ተመታ ይቈጠራል።

ሦስቱ የጨዋታ ዓይነቶች

ጀማሪው ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ትራፕ ይባላል። በዚህ ጨዋታ 5 ተኳሾች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሳሕኑ ከፊታቸው ካለ ዝቅተኛ ቤት ወጥቶ እየራቀ ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር በተለመደው ዓይነት መወርወሪያው ከተኳሾቹ መቆሚያ 16 ያርድ፣ ማለት 15 ሜትር ያህል ይርቃል፤ አንድ ዙር የሚባለውም 25 ሳሕን ነው።

ሁለተኛው ስኪት ነው። በዚህኛው በግማሽ ክብ ሜዳ ግራና ቀኝ አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ ቤት ይቆማሉ፤ ሳሕኖቹ ከሁለቱም ቤቶች ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይወረወራሉ፤ ተኳሹ ግን በግማሹ ክብ ዙሪያ ካንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይተኩሳል። ይህን ጨዋታ ያስጀመረው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በአንዶቨር ይኖር የነበረው ቻርልስ ዴቪስ ነው። ሜዳው በመጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር። በአጠገቡ ያለው መሬት የዶሮ ርቢ በሆነ ጊዜ ግን ወደ ዶሮዎቹ መተኮስ ስለማይቻል ክቡ በግማሽ ተቈረጠና በወዲያኛው ጫፍ ሁለተኛ መወርወሪያ ተተከለ። በ1926 ለጨዋታው ስም ለማውጣት በተደረገው ውድድር የ100 ዶላር ሽልማት ያገኘችው በሞንታና ግዛት የምትኖር ገርትሩድ ኸርልበት የተባለች ሴት ናት። ስኪት በ1968 በሜክሲኮ ከተማ ወደ ኦሊምፒክ ጨዋታ ገባ።

ሦስተኛው ስፖርቲንግ የሚባለው ነው። በዚህ ጨዋታ መወርወሪያ መኪናዎቹ በጫካና በኮረብታ መካከል ይተከሉና አንዱ ሳሕን እንደ ዳክዬ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ አንዱ እንደ ጥንቸል በምድር ላይ ይንከባለላል፤ አንዱም ወደ ተኳሹ ይመጣል። ብዙ ሰዎች ዓይነቱ ስለሚለዋወጥ ይህን ይወዱታል። ለጀማሪ ግን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አይደለም። ጥሩ መምህር ከአንድ መወርወሪያ ብቻ፣ በዝግታ የሚሄድ ወይም የሚመጣ አንድ ዓይነት ሳሕን እየደጋገመ ያስወረውርለታል እንጂ ወደ ውድድር አያቻኩለውም።

ሕጉ የከፈተው በር

በእንግሊዝ አገር የአደን ጠመንጃ በእጁ ሊያደርግ የሚሻ ሰው ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ማውጣት አለበት። ፖሊስ የጠያቂውን ጠባይና ያለፈ ሕይወት ይመረምራል፤ ስለ ጤንነቱ ከሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፤ ጠመንጃው የሚቀመጥበት ቦታ የሚቈለፍና ሌላ ሰው የማይደርስበት መሆኑን ያረጋግጣል። ወረቀቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ወረቀቱን ላላሳየ ሰው ጠመንጃ የሚሸጥ ነጋዴ ጥፋተኛ ነው።

እንዲህ ከሆነ ስፖርቱን ገና ቀምሶ ያላየ ሰው ምን ያድርግ? በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ለዚህ መልስ አዘጋጅቷል። የፖሊስ አዛዡ በፈቀደው ቦታና ሰዓት፣ በሰው ሠራሽ ዒላማ ላይ ለመተኮስ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የሌላውን ጠመንጃ ተውሶ መተኮስ ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ያላቸው ክበቦችና የተኩስ ትምህርት ቤቶች ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ የጆሮና የዓይን መከላከያውን ሁሉ አዘጋጅተው ጀማሪውን ይቀበሉታል። ጀማሪው የሚከፍለው የሰዓቱን ዋጋ ብቻ ነው። በ1928 የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በቢዝሊ የሚገኘው የኢንግላንድ የሸክላ ርግብ ተኩስ ማኅበር ክበቦችን ይመዘግባል፤ መምህራንንም አሠልጥኖ ማስረጃ ይሰጣል። ለጀማሪው የመጀመሪያ እርምጃ የሚሆነው እንግዲህ ወደ መደብር መሄድ ሳይሆን እንዲህ ያለ ክበብ ፈልጎ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ቀጠሮ መያዝ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

በመጀመሪያው ሰዓት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ጥይት አይተኮስም። መምህሩ አስቀድሞ የሚያስተምረው ጠመንጃ አያያዝን ነው። ሁለት አፈ ሙዝ ያለው ጠመንጃ በመካከሉ ተከፍቶ እንደሚታጠፍ ይታወቃል። ተኳሹ ከመቆሚያው ላይ እስኪደርስ ድረስ ጠመንጃው ሁልጊዜ የተከፈተና ባዶ መሆን አለበት፤ እንዲህ ሲሆን በአጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ በሩቅ አይቶ በሰላም ይቆማል። ጥይት የሚገባው በመቆሚያው ላይ ብቻ፣ አፈ ሙዙም ወደ ሜዳው ዞሮ ሳለ ነው። ጣት ቃታውን የሚነካው ሳሕኑ ከተጠራ በኋላ ነው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይፈነዳ የቀረ እንደ ሆነ ተኳሹ ጠመንጃውን ወደ ሜዳው እንዳቀና 30 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል እንጂ ወዲያው አይከፍተውም፤ ወደ ባልንጀሮቹም አይዞርም።

የጆሮ መከላከያ እንደ ጌጥ የሚቈጠር አይደለም። የአንድ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሚሆን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመስማት ኃይልን ለዘለቄታው ይጎዳል። መነጽሩም የሚያስፈልገው የሳሕን ስባሪና ተንጥሮ የሚመለስ ፍሬ ዓይን እንዳያጠፋ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ጀማሪውም ሻጩም ሊያውቁት የሚገባ አንድ አደጋ አለ። የአደን ጠመንጃ መጠን የሚነገረው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በሚወጡ እኩል ድቡልቡል ጥይቶች ቍጥር ነው። ባለ 12 የሚባለው ከአንድ ፓውንድ 12 ድቡልቡል ሲወጣ የአንዱን ስፋት የሚያህል አፈ ሙዝ ያለው ነው፤ ባለ 20 የሚባለውም እንዲሁ ከ20 አንዱን የሚያህል ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ሲበዛ አፈ ሙዙ ይጠባል። የባለ 20 ጥይት በስሕተት ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ በአፈ ሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ሲታይም ክፍሉ ባዶ ይመስላል። ተኳሹ ጥይቱን የረሳው መስሎት ሌላ ባለ 12 ጥይት ጨምሮ ቢተኩስ አፈ ሙዙ ይፈነዳል፤ እጅና ፊትም ይጠፋል። ባለ 20 ጥይት ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖ የሚሠራው ስለዚህ ነው። ሁለቱን መጠኖች በአንድ ኪስ ወይም በአንድ መደርደሪያ ላይ መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ዓይንና እጅ

ቀጥሎ መምህሩ የጀማሪውን ዓይን ይመረምራል። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ ማነጣጠሩን የሚመራ ነው፤ ይህም መሪ ዓይን ይባላል። ምርመራው ቀላል ነው። ጀማሪው ሁለቱን ዓይኖቹን ከፍቶ ሩቅ ወዳለ ነገር ጣቱን ይቀስራል፤ ከዚያም አንዱን ዓይን ይጨፍናል። ጣቱ ከዒላማው ሳይነቃነቅ ከቀረ የተከፈተው ዓይን መሪ ነው፤ ጣቱ ወደ ጎን የዘለለ ከመሰለው ግን መሪው የተጨፈነው ነው። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው መሪ ዓይኑ ግራው የሆነ እንደ ሆነ፣ ማንም ሳያውቅለት ዘወትር ወደ ግራ እየሳተ ተስፋ ይቈርጣል። መድኃኒቱ በግራው መነጽር ላይ ትንሽ መሸፈኛ መለጠፍ ወይም በግራ ትከሻ መተኮስን መማር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሳይመረመር የቀኝ እጅ ጠመንጃ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ የገንዘቡ ኪሣራ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ አቋቋም ይመጣል። የፊተኛው እግር የሰውነቱን ክብደት በመጠኑ ይሸከማል፤ ሰደፉ አስቀድሞ ወደ ጉንጭ፣ ቀጥሎ ወደ ትከሻ ይመጣል። ሰደፉ ከትከሻ ጋር በደንብ ካልተጣበቀ ርግጫው ያቆስላል፤ ጉንጭ ከእንጨቱ ከተነሣም ጥይቱ ከሳሕኑ በላይ ያልፋል። ተኳሹ የሚመለከተው ሳሕኑን እንጂ የአፈ ሙዙን ጫፍ አይደለም።

ለጀማሪው ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው መቅደም የሚባለው ነገር ነው። ሳሕኑ በተኳሹ ፊት ከጎን ወደ ጎን በሰከንድ 20 ሜትር ያልፋል እንበል። ፍሬዎቹ 30 ሜትር ርቀት ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይወስድባቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሳሕኑ 2 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ወደ ሳሕኑ ቀጥ አድርጎ የተኮሰ ሰው ሳሕኑ ቀድሞ በነበረበት ባዶ ቦታ ይተኩሳል። መምህራኑ የሚያስተምሩት አንደኛው ዘዴ ጠመንጃውን ከሳሕኑ ኋላ አስነሥቶ፣ ሳሕኑን ተከትሎ አልፎ ሲቀድም ቃታ መሳብና እንቅስቃሴውን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት ቃታ በሚስቡበት ቅጽበት እጃቸውን ስለሚያቆሙ ነው። ይህን ስሕተት ምንም ያህል ውድ የሆነ ጠመንጃ አያርመውም፤ ከኋላው ቆሞ የሚመለከት መምህር ግን በጥቂት ቃላት ያርመዋል።

ልክና ግዥ

ጀማሪው ከጥቂት ትምህርት በኋላ ስፖርቱን እንደሚቀጥል ካረጋገጠና የምስክር ወረቀቱን ካገኘ በኋላ የግዥው ጊዜ ይደርሳል። በዚህም ጊዜ ቢሆን ልኩ ከግዥው ይቀድማል። የሰደፉ ርዝመት፣ የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍታ፣ ሰደፉ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ማዘንበሉ እንደ ልብስ ስፌት በሰውየው አካል ልክ የሚወሰን ነው። የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ሰደፉ በየመገጣጠሚያው የሚታጠፍና የሚረዝም የመለኪያ ጠመንጃ አላቸው። ገበያተኛው በ16 ያርድ ርቀት በቆመ ነጭ በተቀባ የብረት ሰሌዳ ላይ ይተኩሳል፤ የፍሬዎቹ መካከል ከዒላማው 1 ኢንች ከራቀ ሰደፉ በኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ይታረማል።

ለመደበኛ አገልግሎት የሚመከረው ባለ 12፣ ሁለት አፈ ሙዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበሩለት ጠመንጃ ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ክብደቱም ርግጫውን ይቀንሳል። በጣም ቀላል ጠመንጃ በመደብር ውስጥ ሲያነሡት ደስ ቢያሰኝም ከ50 ተኩስ በኋላ ትከሻ ያሳምማል። የዚህ ዓይነቱን ጠመንጃ ካስፋፉት አንዱ የታወቀው አሜሪካዊ ጆን ብራውኒንግ ሲሆን፣ የመጨረሻ ሥራው የሆነውን ይህንኑ ጠመንጃ ሲያዘጋጅ በ1926 በቤልጂክ በሊዬዥ ከተማ ሞተ። ከአውሮፓ ሠሪዎች መካከል የኢጣልያው ቤሬታ በ1526 ለቬኒስ የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት 185 አፈ ሙዝ በ296 ዱካት መሸጡ በሰነድ ተመዝግቦ ይገኛል። በአንድ ሥራ ላይ 500 ዓመት ያህል የቆየ ቤት በችኮላ ሽያጭ እንዳልቆየ ግልጽ ነው።

በሌላ ሰው እጅ የቆየ ጠመንጃ መግዛት አያስነቅፍም፤ ብዙ ጀማሪዎችም በዚህ ይጠቀማሉ። ነገር ግን አንድ አዲስ ነገር አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2025 የእርሳስ ጥይት መሬትንና አራዊትን ስለሚመርዝ፣ ከ3 ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ አብዛኛውን የእርሳስ ጥይት ለመከልከል ማሰቡን አስታውቋል። በእርሳስ ፋንታ ከሚተኩት ዋነኛው የብረት ፍሬ ነው። ብረት ከእርሳስ ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ ጫፉ እጅግ የጠበበ አፈ ሙዝን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የቆየ ጠመንጃ የሚገዛ ጀማሪ ለብረት ፍሬ ተፈትኖ ማኅተም የተደረገበት መሆኑን፣ የጫፉም ጥበት ከግማሽ ያላለፈ መሆኑን አዋቂ ጠይቆ ይረዳ። ይህን እያወቀ ዝም ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ለዛሬ ትርፍ ሲል የነገውን ገበያተኛ ያጣል።

የነጋዴው ሒሳብ

አሁን ነገሩ በቍጥር ይታይ። አንድ ተኳሽ በወር 2 ጊዜ ወደ ሜዳ እየወጣ በያንዳንዱ ጊዜ 100 ሳሕን ቢተኩስ፣ በዓመት 2,400 ጥይትና 2,400 ሳሕን ይጨርሳል። ጥይቱ በ25 በ25 ታሽጎ ስለሚሸጥ 96 ትንንሽ ሣጥን ይሆናል። እያንዳንዱ ጥይት በመደበኛው መጠን 28 ግራም ፍሬ ቢይዝ፣ የፍሬው ክብደት 67 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የሳሕኖቹም ክብደት 252 ኪሎ ግራም ነው። በ10 ዓመት ውስጥ ይህ ሰው 24,000 ጥይት ይገዛል፤ ጠመንጃ ግን ምናልባት አንድ ብቻ ይገዛል።

በአንጻሩ ሻጭ አጣድፎት፣ ልኩ ያልሆነ ጠመንጃ በመጀመሪያው ቀን የገዛውን ሰው እናስብ ቢባል፣ ትከሻው ይቆስላል፤ ሳሕኑን ይስታል፤ ጥፋቱ የእርሱ ይሁን የጠመንጃው አያውቅም። ከ3 ወር በኋላ ስፖርቱን ቢተው የገዛው ጥይት 600 ብቻ ነው። ጠመንጃውን በኪሣራ ይሸጣል፤ ሻጩንም በየደረሰበት ያማዋል። ሻጩ ከአንድ ጠመንጃ ያገኘውን ትርፍ በእጁ ቢያስገባም 23,400 ጥይት ከገበያው ሸሽቶታል። ከዚህም ጋር መምህሩ ተማሪ፣ ክበቡ አባል፣ ሳሕን ሠሪውና መወርወሪያ መኪና ሠሪው ደንበኛ አጥተዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለሻጭም ነው።

ጎረቤትም ባለ ድርሻ ነው

የዚህ ስፖርት ገበያ የሚቆመው በሻጭና በገዢ ስምምነት ብቻ አይደለም። በኢንግላንድ ብዙ ክበቦች የሚተኩሱት በእርሻ መሬት ላይ ሲሆን፣ ገበሬው መሬቱን በዓመት እስከ 28 ቀን ለእንዲህ ያለ ጊዜያዊ አገልግሎት ያለ ልዩ የፕላን ፈቃድ ሊያውለው በመቻሉ ተጨማሪ ገቢ ያገኝበታል። ነገር ግን ከተኳሹ ፊት 275 ሜትር ያህል ሰው የማይገባበት ቦታ እንዲኖር ይመከራል። ድምፁም ወደ መንደር ስለሚደርስ በ2003 የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ስለ ድምፅ ቍጥጥር መመሪያ አውጥቷል። ቅጥራን ያለበት የሳሕን ስባሪም ለአሳማ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ስባሪው በሚወድቅበት መሬት አሳማ ማሰማራት አይገባም፤ ያለ ቅጥራን የሚሠራ ሳሕንም በገበያ ላይ ይገኛል። በአንዶቨር ለጎረቤት ዶሮዎች ሲባል ክቡ በግማሽ መቈረጡ ስፖርቱን አልገደለውም፤ እንዲያውም አዲስ ጨዋታ ወለደለት።

እንግዲህ «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ለሚገባ ገበያተኛ ትክክለኛው መልስ አጭር ነው። አስቀድሞ ፈቃድ ወዳለው ክበብ ሄዶ በተውሶ ጠመንጃ ይማር፤ ዓይኑ ይመርመር፤ የጠመንጃን አያያዝ በእጁ ያስገባ፤ ወረቀቱን ያውጣ፤ ልኩን ያስለካ፤ ከዚያ በኋላ ይግዛ። ይህን መልስ የሚሰጥ ነጋዴ በዚያ ቀን ምንም ሳይሸጥ ይውል ይሆናል። ገበያተኛው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የሚፈልገውን አውቆ ተመልሶ ሲመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሚሆን አያጠራጥርም።